«ጌታዬ በቃኝ፣ ውሰደኝ» ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የ73 ዓመት እናት ነኝ። ባለቤቴ ካረፉ ቆይተዋል። ያረጀሁበት ሰፈር ለልማት ፈርሶ አሁን ከከተማ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከትንሹ ልጄ ጋር ነኝ። እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ሴቷ ልጄ አሜሪካ ናት፤ የልጅ ልጆቼን በስልክ ባያቸውም በቋንቋ አንግባባም። ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ ስላለኝ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ሰው ሲደግፈኝ ነው። መስገድ አልችልም፤ ቅዳሴ ቆሜ አልጨርስም። ስኳር ስላለብኝ የንስሐ አባቴ ጾሙን አቅልለውልኛል። ግን በጾም ቀን ወተት ስጠጣ ይከብደኛል። ጓደኞቼ አንድ በአንድ እየሄዱ ነው፤ ለቅሶ መድረስ እንኳ አቃተኝ። ቀኑ አልመሽ ይለኛል። ‹ጌታዬ በቃኝ፣ ውሰደኝ› እላለሁ። ይህ ኃጢአት ነው? ለልጆቼ ሸክም ከምሆን ገዳም ገብቼ ብመነኩስስ? ተኝቼ ብጸልይስ ይቆጠርልኛል?»

መልስ፦ እናታችን፣ ሰላሙ ለእርስዎም ይብዛልዎ። ከከበደው ልጀምር።

«በቃኝ፣ ውሰደኝ» የሚለውን ቃል ከእርስዎ በፊት ነቢዩ ኤልያስ ብሎታል። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው፣ ወዲያው ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱን እንዲወስድለት ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም። መልአክ ላከለት። መልአኩም ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ሰውየው በልቶና ተኝቶ ጉልበት ካገኘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ደክሞዎት ወደ ፈጣሪዎ ማልቀስዎን ኃጢአት ብዬ አላስፈራራዎትም። ዳዊትም «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፤ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ አልቅሷል። ይህ ለእግዚአብሔር የተነገረ ስሞታ ነው፤ ጸሎት ሆኖም ተጽፎልናል።

ግን አንድ ነገር እንለይ። «ውሰደኝ» ማለት ሌላ ነው፤ በገዛ እጅ ለመሄድ ማሰብ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሽው ካለብዎ በዚያው ቀን ለልጅዎም ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። ብቻዎን ይዘውት አይደሩ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ድሮ የሚያስደስትዎ ነገር ሁሉ ለሳምንታት ካስጠላዎት ደግሞ ሐኪም ይዩ። ቤታችን ውስጥ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ሕመም አለ። የሐዘን ሕመምም ሕመም ነው፤ የሚታከም ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ጠበሉን ይጠጡ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው።

ስለ ወተቱ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝ ለታመመ ሰው እንደሚቀል አብሮ ይናገራል። የንስሐ አባትዎ ከኪሳቸው አውጥተው የሰጡዎት ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ፈቃዱን ተቀብለው በጓዳ ደብቀው ይጾማሉ። የስኳር መድኃኒት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ግን ሰውን ከወንበሩ ላይ ይጥላል። ልጅ ከሥራ ተጠርቶ፣ እናቱን በጎረቤት ትከሻ ከአራተኛ ፎቅ ሲያወርድ የዋለበት ጾም ማንን ጠቀመ? ወተትዎን ይጠጡ። መጾም ካማረዎት ከሐሜት፣ ካለፈ ቂም፣ ቀኑን ሙሉ ከተከፈተ ቴሌቪዥን ይጹሙ። ይህን ማንም ሐኪም አይከለክልዎትም።

ስግደቱም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ጾምም ስግደትም የለም ትላለች። ታዲያ በእነዚያ ቀናት ክርስቲያኑ ሁሉ ሰነፍ ሊባል ነው? በቅዳሴም ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲል የተቀመጠ ሰው መኖሩን ያውቃል። ሲችሉ በዚያ ሰዓትና ወንጌል ሲነበብ ይነሡ። ካልቻሉ ባሉበት ራስዎን ዝቅ ያድርጉ። አንዳንድ ወጣት የተቀመጠችን አሮጊት በግልምጫ ሊያስነሣ ይሞክራል፤ እሱን አይስሙት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። በስብከት ብዙም አይነሣም። ስሙ ቤርዜሊ ነው፤ ገለዓዳዊ ነው። ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል 17 እና 19 ላይ አለ። ዳዊት ልጁ አቤሴሎም አሳዶት መሃናይም ሲደርስ ሠራዊቱ ርቦት ነበር። ቤርዜሊና ሌሎች ሁለት ሰዎች ስንቅ ይዘው መጡ። ምን ምን እንዳመጡ መጽሐፉ ይዘረዝራል፦ መኝታ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ፣ በግ። የአገራችንን ጓዳ ይመስላል። አቤሴሎም ሞቶ ዳዊት ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ሽማግሌውን አልረሳውም። «ከእኔ ጋር ኢየሩሳሌም ና፤ እኔ እጦርሃለሁ» አለው።

ቤርዜሊ ያን ጊዜ 80 ዓመቱ ነበር። የመለሰውን ልብ ብለው ይስሙ። የምበላውና የምጠጣው ጣዕሙ አይታወቀኝም፣ የዘፋኞችን ድምፅ መስማት አልችልም፣ ስለምን ለንጉሡ ሸክም እሆናለሁ አለ። «ሸክም» የምትለዋ ቃል እዚህም አለች። «በከተማዬ፣ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት» ቢልም እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። ዮርዳኖስን ጥቂት ተሻግሬ ንጉሡን ልሸኝ አለ። በእሱ ፈንታ ከመዓም የተባለውን ወጣት ሰጠ፤ እሱ ይሂድ፣ ደስ ያለህን አድርግለት ብሎ አደራ አለ። ዳዊትም ሳመው፣ ባረከው።

እኔ ይህን ሽማግሌ በጣም እወደዋለሁ። ምላሴ ጣዕም አይለይም ሲል አያፍርም። የማይችለውን አውቆ ተወ፤ የሚችለውን ግን ለማንም አልተወም። መሸኘት ይችላል፣ ሸኘ። በፈንታው ወጣት መስጠት ይችላል፣ ሰጠ። ብዙዎቻችን በእርጅና የምንቸገረው ግን አንዱ ሲቀርብን ሌላውንም አብረን ስለምንጥል ነው። ለቅሶ መሄድ ያቃታት እናት ስልክ መደወልም ታቆማለች። ዓይኗ ዳዊት አላነብ ያላት፣ በቃሏ የምታውቀውንም ትተዋለች።

እርስዎ ምን ይችላሉ? ከለቅሶው እንነሣ። ሳይሄዱ መቅረት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ስለሆነ እንደሚያሳፍርዎ አውቃለሁ። በሰልስቱ ቀን ደውለው «ጉልበቴ ነው እንጂ ልቤ እዚያ ነው» ይበሉ። ደግሞም ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ከአርባው ወዲያ፣ እንደገና ይደውሉ። ያን ጊዜ የሚደውል የለም። የሟቹን የክርስትና ስም ጠይቀው ይያዙ። ሐና ነቢይት በስተርጅናዋ ከመቅደስ አትለይም ነበር፤ በጾምና በጸሎት ታገለግል ነበር ይላል ሉቃስ። እርስዎ መቅደሱ ቢርቅዎም ስም መጥራት አይርቅዎም። በአንድ ደብተር፣ ልጅዎ በትልቁ ይጻፍልዎ፦ የሞቱ፣ የታመሙ፣ በዐረብ አገር ሥራ ላይ ያሉ፣ ልጅ ያጡ። ጠዋት ውዳሴ ማርያምን ሲያደርሱ ስማቸውን ይጥሩ። የዕለቱን ዳዊት ዓይንዎ ካልቻለው በስልክ የሚነበብ አለ፤ ልጅዎ ይክፈትልዎት።

የልጅ ልጆችዎን ነገር ቀላል አይደለም። ግን ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲናገር መጀመሪያ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው፤ እናቱ ኤውንቄ ከዚያ ቀጥላ ነው የመጣችው። በየሳምንቱ ስልክ ላይ «ደህና ናችሁ? እግዜር ይመስገን» ተብሎ ከመዘጋት አንድ ነገር ያስተምሯቸው። አማተቡ ብለው በእጅዎ ያሳዩዋቸው፤ «በስመ አብ» ብለው ቀስ ብለው ያስደግሟቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እነሱ ለእርስዎ ያሳዩዎት። ትንሹ አዛብቶ ሲያማትብ ይሳቁ፤ ሳቅም ቋንቋ ነው።

የድሮ እድርዎና የማርያም ጽዋዎ ተበትነው እንደሆነ እገምታለሁ። ሰፈር ሲፈርስ ቤቱ ብቻ አይፈርስም። ያንን ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ማንም «ይልቅ አዲስ ቤት አገኘሽ» ብሎ እንዳያፍንብዎ። ቢሆንም እዚያው ሕንፃ ላይ ሰው አለ። አንድ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ አራስ አትጠፋም። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና አለ። እናቷ ክፍለ ሀገር ያለች ልጅ ገንፎ እንዴት እንደሚገነፋ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የቱ ቁርጠት የቱ ረሃብ እንደሆነ የሚነግራት ትፈልጋለች። ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ አሮጊቶች ወጣት ሴቶችን ያስተምሩ ያለው እንዲህ ያለውን ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በርዎን ገርበብ አድርገው ይቀመጡ፤ ኮንዶሚኒየም በር ዘግቶ መኖርን ቶሎ ያስተምራል።

ገዳሙን በሚመለከት ግን ፊት ለፊት ልንገርዎ። በሽምግልና ቆብ መጫን በአገራችን የቆየ፣ የተከበረ ነገር ነው። ደብረ ሊባኖስ ብንሄድ በስተርጅና የመነኮሱ ብዙ እናቶች እናገኛለን። የገዳሙ አባት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እግራቸው እስኪሰበር ቆመው የጸለዩ፣ በአንድ እግራቸውም የቀጠሉ፣ 99 ዓመት የኖሩ ናቸው። ግን ምንኩስና የሚገባው ለፈቃዱ ሞቶ ለክርስቶስ ሊኖር ለወሰነ ሰው ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ምክንያት «ሸክም ላለመሆን» ነው። ይህ ጥሪ አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ገዳምም ደረጃ አለው፣ ብርድ አለው፣ ውኃ መቅዳት አለው። ፍላጎቱ እውነተኛ ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እሳቸው ይመርምሩት፣ ጊዜ ይስጡት። እስከዚያ ድረስ ልጅዎን «እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ የሚፈጽምበትን ዕድል አይንፈጉት። ጌታችን «የምጦርበትን ቁርባን፣ ማለትም ለእግዚአብሔር መባ፣ ሰጥቻለሁ» ብለው እናት አባታቸውን ከመጦር ያመለጡትን ገሥጿል። የልጅ ግዴታ ነው ማለት ነው እንጂ ችሮታ አይደለም።

ልጅዎ ይህን እንዲያነብ ያድርጉ፤ ለእሱም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች አያት የሌላቸው ይመስል ሊፍት ረስተዋል። አራተኛውን አከራይተህ ምድር ላይ ያለ ቤት መከራየት ይቻል እንደሆነ አስብበት። ካልሆነ በወር አንድ እሑድ እናትህን የምታወርድበት ቀን ይኑርህ፤ የአጥቢያውን ሰንበት ትምህርት ቤት ጠይቅ፣ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች አሉ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን መከታተል ለማጽናናት ጥሩ ነው፤ ሥጋና ደሙ ግን በቴሌቪዥን አይመጣም። ብዙ ሰው ለመቁረብ እርጅናን ይጠብቃል፤ እርጅናው ሲመጣ ደግሞ የሚያደርሰው ያጣል። ለመቁረብ የሚያበቃትን፣ መድኃኒቷንም እንዴት እንደምታደርግ፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ። እሳቸውም ቤት ድረስ መጥተው ጸሎት ያድርሱላት፤ ሲያስፈልግ ለታመመ ሰው ዘይት እየተቀባ የሚደርሰው ጸሎተ ቀንዲልም አለ። አባቶች ካልተጠሩ አይመጡም። ጥሯቸው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ አጭር ናት። አዎ፣ ተኝተው ቢጸልዩ ይቆጠርልዎታል። ዳዊት በመኝታዬ አስብሃለሁ፣ ሌሊትም ስለ አንተ እናገራለሁ ይላል። መቀመጥ ሲችሉ ይቀመጡ፤ ጉልበቱ ሲያምዎ ጋደም ይበሉ። ጸሎቱ መሃል እንቅልፍ ከወሰደዎት ነቅተው ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው አይጀምሩ።