ግንድ የሚመስለውን ጀልባ መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች

ሰላም እህቴ። ልጆችዎን መዝናኛ ፓርክ ወስደው፣ ግንድ በሚመስለው ጀልባ አብረው ከተሳፈሩ በኋላ «ይህን መጀመሪያ ማን ሠራው? ድርጅቱስ ዛሬም አለ?» ብለው ጠይቀዋል። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለውን መጫወቻ በመጠገን ዘጠኝ ዓመት ስለ ሠራሁ ጥያቄዎን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የሠራው ድርጅት አሮው ዴቨሎፕመንት ይባላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ኤድ ሞርጋን፣ ካርል ቤከንና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ከተማ የከፈቱት የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበር። ሲጀምሩ ያገለገሉ የፋብሪካ መሣሪያዎችን ይሸጡ ነበር፤ ቆይተው ለልጆች የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ ሠሩ። ዋልት ዲዝኒ በ1955 ዲዝኒላንድ የተባለውን መዝናኛ ፓርክ ሲከፍት ከመጫወቻዎቹ ብዙዎቹ ከእነርሱ እጅ የወጡ ነበሩ። በ1960 የዲዝኒ ኩባንያ የድርጅቱን አንድ ሦስተኛ ገዛ።

ከቁልቁለት ወደ ኩሬ የሚወረወር ጀልባ ግን ከእነርሱ በፊትም ነበር። ፖል ቦይተን የተባለ ስመ ጥር ዋናተኛ በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ በከፈተው ፓርክ ውስጥ ሰው የሚጎርፈው ለዚህ ጀልባ ነበር። ያ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ወርዶ ውሃውን መትቶ ያበቃል። የአሮው ሰዎች ያመጡት ለየት ያለ ነገር ጀልባውን አብዛኛውን መንገድ ውሃው ራሱ ተሸክሞ እንዲወስደው ማድረጋቸው ነው። ሐሳቡ የመጣው ከጥንቶቹ እንጨት ቆራጮች ነው። በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ የተቆረጠው እንጨት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም የሳንቃ ቦይ እየተንሳፈፈ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። በ1963 ቴክሳስ፣ አርሊንግተን በሚገኘው ሲክስ ፍላግስ ፓርክ የተከፈተው የአሮው የመጀመሪያው የግንድ ጀልባ መጫወቻም ስሙ «ኤል አሴራዴሮ» ነው፤ በስፓኝኛ የእንጨት መሰንጠቂያ ማለት ነው። ሰው ከመውደዱ የተነሣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከጎኑ ሁለተኛ ቦይ ተጨመረለት።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ቁልቁለት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን ያ ጸጥ ያለው፣ ጀልባዋ ዛፎቹ መካከል ቀስ ብላ የምትንሳፈፍበት ክፍል ነው። ፓምፖች ውሃውን ከታችኛው ኩሬ እየሳቡ ወደ ላይኛው ቦይ ይገፉታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የመሬት ስበት ነው። ቦዩ ተዳፋት መሆኑ በዓይን አይታወቅም። ትንሽ ቢበዛ ጀልባዎቹ ግድግዳውን እየደበደቡ ይሄዳሉ፣ ትንሽ ቢያንስ ይቆማሉ። አንድ ጠዋት ፓርኩ ሳይከፈት ባዶ ጀልባ ለሙከራ ለቅቀን ከሁለቱ ፓምፖች አንዱ ደከመ። ውሃው የወረደው አራት ጣት ያህል ብቻ ነበር። ጀልባዋ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሆዷን ቦዩ ላይ አስደግፋ ቆመች፤ ከኋላ የመጣችው ደርሳ ገጨቻት። ቦት ጫማ አድርጌ ገብቼ በትከሻዬ እየገፋሁ አወጣኋት። የአራት ጣት ውሃ ዋጋ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቤከንና ጓደኞቹ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር፣ እየሠሩና እየሞከሩ ነው ያገኙት። ከዚያም በ1964ቱ የኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ለቀረበው «ኢትስ ኤ ስሞል ዎርልድ» ለተባለው የዲዝኒ የጀልባ መጫወቻ የጀልባውን አሠራር ያዘጋጁት እነርሱ ናቸው።

ድርጅቱ አሁን በዚያ ስም የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተሸጠ፤ በ1981 ሁስ ከተባለ የጀርመን ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1985 ከሰረ። ሠራተኞቹ መልሰው አቋቋሙት፤ ግን በ2001 እንደገና ከሰረና የተረፈውን ዩታ የሚገኝ ኤስ ኤንድ ኤስ የተባለ ኩባንያ ገዛው። አርሊንግተን ያለው ቦይ ግን 60 ዓመት አልፎታል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ወረፋው ላይ ቆመው ሳለ ለልጆችዎ የቦዩን ግድግዳ ያሳዩአቸው። ውሃው ዘወትር የሚደርስበት ቦታ ላይ አረንጓዴ መስመር ይታያል። ማታ ፓምፖቹ ሲጠፉ ያ ሁሉ ውሃ በዝግታ ወደ ታችኛው ኩሬ ይመለስና ኩሬው ይሞላል፤ ጀልባዎቹም ባዶው ቦይ ውስጥ በትንንሽ ጎማዎቻቸው ላይ ቆመው ያድራሉ።