የእንግሊዟ ኤዲት እና የናርጋዋ እቴጌ

ጥያቄ፦ ጣና ላይ በጀልባ እንግዳ አመላልሳለሁ። በቀደም አንዲት እንግሊዛዊት ወደ ደቅ ደሴት ይዤ ሄድኩ። ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉበትን አሳየኋት፤ ወንድማቸውም ራስ ወልደ ልዑል ትልቅ ባለሥልጣን እንደነበሩ ነገርኳት። «እኛም ኤዲት የምትባል እንዲህ ያለች ንግሥት ነበረችን» አለችኝ። ከዚያ ሞገድ ተነሣና ወሬው ተቋረጠ። ይቺ ኤዲት ማን ናት? ደግሞ ስላልወለደች ባሏ ገዳም አስገባት አለችኝ፤ እውነት ነው?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞገዱ ጥሩውን ወሬ ነው የወሰደብህ።

ኤዲት የጎድዊን ልጅ ናት። ጎድዊን የዌሴክስ ገዥ ነው፣ በእኛ አገር ቢሆን ራስ እንለው ነበር፤ ደቡብ እንግሊዝን የያዘ፣ ንጉሡ ራሱ የሚፈራው ሰው። እናቷ ጊታ ዴንማርካዊት ናት። ኤዲት በልጅነቷ ዊልተን በሚባል የሴቶች ገዳም ተማረች፤ ቋንቋም ጥልፍም የተካነች ነበረች ይባላል።

በፈረንጆቹ 1045፣ በጥር ወር፣ ንጉሥ ኤድዋርድን አገባች። እዚህ ጋ ልብ በል። ኤድዋርድ ወንድሙ አልፍሬድ በ1036 የሞተው በጎድዊን እጅ ነው ብሎ ቂም የያዘ ሰው ነው። ቂሙን በሆዱ ይዞ የዚያኑ ሰውዬ ልጅ አገባ። ምን ያድርግ፣ ያለ ጎድዊን ዙፋኑ አይጸናም።

ልጅ አልወለዱም፣ እሱ እውነት ነው። ኤድዋርድ በ1161 ቅዱስ ተብሏል፤ መነኮሳቱም ሁለቱ እንደ ወንድምና እህት በንጽሕና ኖሩ ብለው ጻፉ። እኔ ግን ይሄ አልዋጥልህ ብሎኛል።

የገዳሙን ነገር በተመለከተ እንግዳህ የነገረችህ ግማሹን ነው። በ1051 የንጉሡ ዘመድ የቡሎኙ ኤውስታስ ሰዎች ዶቨር ከተማ ገብተው ከነዋሪው ጋር ተደባደቡ፣ ሰው ሞተ። ንጉሡ ጎድዊንን «ከተማዋን ቅጣልኝ» አለው። ጎድዊን እምቢ አለ። ነገሩ ከረረና እሱም ልጆቹም ተሰደዱ፣ ኤዲትም ወዲያው መሬቷን፣ ወርቋንና ብሯን ተነጥቃ ገዳም ገባች። በዓመቱ፣ በ1052፣ አባቷ መርከብና ጦር ይዞ ሲመለስ እሷም ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰች። በዚያ ዓመት ውስጥ ልጅ አልወለደችም እኮ! የወጣችው በአባቷ ጦስ፣ የተመለሰችውም በአባቷ ጉልበት ነው። መካንነቷ ሰበብ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከእቴጌ ምንትዋብ የምትለየውም እዚህ ላይ ነው። እቴጌ በ1730 ዘውድ ሲጭኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ዙፋን ላይ ነበር። ኤዲት ያላት ወንድሞቿ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለእነሱ ያላደረገችው የለም። በተለይ ለቶስቲግ። ቶስቲግ በ1055 የሰሜኑ የኖርዘምብሪያ ገዥ ሆነ፤ በ1064 የገና በዓል ላይ ጎስፓትሪክ የሚባል የዚያው አገር መኳንንት እዚያው ንጉሡ ግቢ ተገደለ፣ ለወንድሟ ስትል ያስገደለችውም ኤዲት ናት ብሎ የጻፈ ታሪክ ጸሐፊ አለ። በዓመቱ ሰሜኑ አመፀ፣ ቶስቲግም ተባረረ። ሌላው ወንድሟ ሃሮልድ አላዳነውም፤ ቶስቲግም ይህን አልረሳለትም።

በጥር 1066 ኤድዋርድ ሞተ። በማግስቱ ሃሮልድ ነገሠ። መስከረም 25 ቀን ቶስቲግ የኖርዌይን ንጉሥ ይዞ መጥቶ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከገዛ ወንድሙ ጋር ተዋጋና ሞተ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ ጥቅምት 14 ቀን ሄስቲንግስ ላይ ባሕር ተሻግሮ ከመጣው ከኖርማንዲው መስፍን ከዊልያም ጋር ሲዋጉ ሃሮልድና ሌሎቹ ወንድሞቿ ጊርዝና ሊዮፍዊን ባንድ ቀን ወደቁ። ባል በጥር፣ አራት ወንድም በመጸው። የማንን ለቅሶ ታስቀድም? (ቀኖቹ የፈረንጆች ናቸው፣ እንዳታምታታ።)

እሷ ግን አልተሰበረችም። የዊንቸስተርን ከተማ ለድል አድራጊው ለዊልያም አስረከበች፣ መሬቷንም አቆየች፤ በአገሩ ከነበሩት ሴቶች ሁሉ ባለጸጋዋ እሷ ነበረች። ስለ ባሏ ሕይወት መጽሐፍ አስጽፋለች፣ ታዲያ መጽሐፉን ስታነበው ግማሹ ስለ አባቷና ስለ ወንድሞቿ ሆኖ ታገኘዋለህ! በ1075 ታኅሣሥ ስትሞት ዊልያም በክብር አስወስዶ ዌስትሚንስተር ከኤድዋርድ አጠገብ አስቀበራት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለሥራህ ይጠቅምሃል። ያቺ የተማረችበት የዊልተን ገዳም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ነበር። በድንጋይ ያሠራችው ኤዲት ናት፤ በ1065 ተመረቀ። ሌላ እንግሊዛዊ እንግዳ ሲመጣልህ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩትን እቴጌ እያሳየህ ይህን ንገረው። ጠዋት ብቻ ውጡ፣ ከሰዓት የጣና ሞገድ ወሬ አያስጨርስም።