መከተብሽ ብቻ አይበቃም፣ ካርዱ ላይ ምን ተጻፈ?

ሰላም እህቴ፣ "ለዑምራ ልሄድ ነው፣ የማጅራት ገትር ክትባት ከ4 ዓመት በፊት ወስጃለሁ፣ ድጋሚ ልከተብ ወይ?" ላልሽው፣ እኛ ቤት የደረሰውም ይኸው ስለሆነ ልንገርሽ። "5 ዓመት ይሠራል አታስቢ" ያሉሽ ሰዎች ግማሹን ነው የነገሩሽ።

1. ካርድሽን አውጪና የክትባቱን ዓይነት እዪ። ሳዑዲ የምትፈልገው ኤ፣ ሲ፣ ዋይ እና ደብሊው 135 የሚባሉትን አራቱንም የማጅራት ገትር ጀርም ዓይነቶች የሚከላከለውን ነው። ይሄ ክትባት በሁለት ዓይነት ይሠራል፣ ኮንጁጌት የሚባለው ከሆነ 5 ዓመት፣ ፖሊሳካራይድ የሚባለው ከሆነ 3 ዓመት ያገለግላል። ዓይነቱ ካልተጻፈ ግን እንደ 3 ዓመቱ ነው የሚቆጥሩት!! በዘመቻ የተሰጠውን ሜንአፍሪቫክ ተወግቻለሁ የምትዪ ከሆነ ደግሞ እሱ ለኤ ብቻ ነው፣ አይቆጠርም። ሳዑዲዎቹም ዝም ብለው አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሐጅ ላይ ወረርሽኝ ያስነሳው ደብሊው 135 ነበር፣ ያኔ የሚሰጠው በአብዛኛው ለኤ እና ሲ ብቻ ነበራ።

2. ማህተም አለው ብለሽ እንዳትዘናጊ። እማዬ የተከተበችው ኮንጁጌት ነው፣ ልክ እንዳንቺ 4ኛ ዓመቷን ይዛለች፣ ካርዱ ላይ ግን "ሜኒንጃይቲስ" (ማጅራት ገትር ማለት ነው) ብለው ማህተም መትተው ሰጥተዋታል፣ በቃ። ሻንጣ ሊመዘን ሲል የቲኬቷ ልጅ ካርዱን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ "ይሄ አልፎበታል፣ ቀጣይ!" አትልም? ሕጉን ነው የተከተለችው እሺ፣ ግን እናት የሚያህሉ ሴትዮ ቆመው ቀና ብሎ ማየት ምን ይጎዳል? በረራው አመለጠን፣ የቲኬት ማስቀየሪያም ከፈልን።

በማግስቱ የተከተበችበት ክሊኒክ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ማህተም አለው አይደል፣ ሌላ ምን ይጻፍልህ?" ይለኛል። ዘመዶቼ ሁሉ "ተዋት ድጋሚ ትወጋ" አሉኝ፣ ግን አዲስ ከተወጋች ሳዑዲ ከመድረሷ በፊት 10 ቀን መሙላት አለበት፣ አዲሱም በረራ ሊያልፍ ነው። እኔ ደግሞ ከያዝኩ አልለቅም፣ የዛን ዓመት መዝገብ ካላወጣህ አልንቀሳቀስም ብዬ ቁጭ አልኩ። እያጉረመረመ አወጣው። የእማዬ ስም አጠገብ የብልቃጡ ስቲከር እንደተለጠፈ አለ፣ የክትባቱ ስም፣ ባች ቁጥሩ (የምርቱ መለያ ቁጥር)፣ ሁሉም! አንዲት ቃል ወደ ካርዱ መገልበጥ ሰንፈው ነው ይሄ ሁሉ። ኃላፊዋ ሐኪም ግን ጨዋ ናት፣ አይታ ወዲያው ሙሉውን በአዲስ ካርድ ጽፋ ፈረመችልን። እማዬ አልሃምዱሊላህ ሄዳ ዑምራዋን አድርጋ መጣች።

3. ስምሽ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው በፊደሉ ልክ ይሁን፣ ይቺ ግልጽ ናት።

አንቺም ካርድሽ ዓይነቱን የማይናገር ከሆነ ዛሬውኑ ወደተከተብሽበት ሂጂና ከመዝገብ አስወጪ፣ "ነገ ነይ" ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። መዝገቡ ከጠፋ ወይም ፖሊሳካራይድ ሆኖ ከተገኘ አትጨቃጨቂ፣ ቶሎ ተከተቢ፣ 10 ቀኗን ቆጥረሽ ቲኬት ቁረጪ። ስትወጊም ስሙንና ባች ቁጥሩን እዛው ቆመሽ አጽፊ፣ በር ከወጣሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ምን ተጽፎበት እንዳገኘሽ ጻፊልኝ።