የገና አባት ሬንዲሮች ወንዶች ናቸው ወይስ ሴቶች?

«በገና ሰሞን ቀንድ ካላቸው ሴቶች ናቸው የሚባለው እውነት ነውን? ስምንት መሆናቸውስ ከየት መጣ?» ብለው ለጠየቁት፦

የገና አባትን የበረዶ ሠረገላ ይጎትታሉ የሚባሉት ሬንዲሮች በቀዝቃዛው ሰሜን የሚኖሩ የአጋዘን ዘመዶች ናቸው፤ አባባሉም መሠረት አለው። ከአጋዘን ዘመዶች ሁሉ ሴቷም እንደ ወንዱ ቀንድ የምታበቅለው በሬንዲር ነው፤ ጎልማሳው ወንድ የመራቢያው ወቅት እንዳለፈ፣ ብዙውን ጊዜ ገና ከመድረሱ በፊት ቀንዱን ሲጥል፣ ሴቷ ግን እስከምትወልድበት እስከ ጸደይ ድረስ ይዛው ስለምትቆይ፣ በረዶውን በኮቴዋ ቆፍራ ያገኘችውን ምግብ ከሌሎች የምትከላከለው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖሩት የሳሚ አርቢዎች ለበረዶ ሠረገላ የሚመርጡት የተኮላሹ ወንዶችን ነው (እንደ እኛ ሰንጋ መሆናቸው ነው)፤ እነዚህም ቀንዳቸውን ዘግይተው ስለሚጥሉ ክርክሩ በዚህ ብቻ አይዘጋም።

ስምንቱ የመጡት ከአሜሪካ ነው። በ1821 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የታተመ የልጆች መጽሐፍ ሠረገላውን የሚጎትት አንድ ሬንዲር ብቻ ያሳያል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 23 ቀን 1823 እ.ኤ.አ.፣ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በትሮይ ከተማ ጋዜጣ ላይ ያለ ደራሲ ስም የወጣ ግጥም ቁጥራቸውን ስምንት አድርጎ ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው። ከእነርሱ መካከል ዱንደርና ብሊክሰም በደች ቋንቋ ነጎድጓድና መብረቅ ማለት ሲሆኑ፣ በኋላ ዶነርና ብሊትዘን ተብለዋል። ባለ ቀይ አፍንጫው ሩዶልፍ ግን፣ ብዙዎች ጥንታዊ ቢያስመስሉትም፣ በ1939 እ.ኤ.አ. የቺካጎው ሞንትጎመሪ ዋርድ መደብር ለልጆች በነጻ ባደለው መጽሐፍ ውስጥ የተወለደ ነው፤ የጻፈውም የመደብሩ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሮበርት ሜይ ነበር።