ትልቅ ፍቅር ሳላይ የፍቅር ልቦለድ መጻፍ እችላለሁ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፍቅር ልቦለድ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን የሚተረክ የፍቅር ሕይወት የለኝም፣ እናንተ እንዴት ጀመራችሁ፣ ሐሳቡስ ከየት ይመጣላችኋል ነው ያልሽው። እኔ ዓመታትን በዚሁ ሥራ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሽኝ።

መጀመሪያ ስጋትሽን ላንሳው። የፍቅር ልቦለድ የሚጽፈው ትልቅ ፍቅር ያየ ሰው ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን ዕድሜዋን ሙሉ አላገባችም፣ እስካሁን ግን እንደ እሷ ስለ መተጫጨት የጻፈ ብዙ ሰው የለም። እኔም የጀመርኩት ከራሴ ፍቅር ተነስቼ አይደለም። የሰው ደብዳቤ በመጻፍ ነው የጀመርኩት።

ልጅ ሆኜ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል እባል ነበር። በዚህ ሰበብ የአክስቴ ልጅ ራቅ ብሎ ለሚሠራው እጮኛዋ የምትልከውን ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን «ናፍቀኸኛል በይው» አለችኝ። ጻፍኩ። ትንሽ ዝም አለችና «አይ ተይው፣ ሰርዢው። ሥራ እንዴት ነው በይው» አለች። ሰረዝኩት። ወረቀቱ ስለተበላሸ በአዲስ ልገለብጠው ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «እንደዚሁ ይሂድ» አለች። ስርዙ ቀጭን ነበር፣ ከስሩ ያለው ቃል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እሷም ያንን ነበር የፈለገችው።

እስከ ዛሬ የምጽፈው በሙሉ ከዚያ ስርዝ የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ሊል ፈልጎ የዋጠው ነገር፣ ውጦም እንዲታወቅለት የሚፈልገው ነገር፣ በቃ ታሪኩ እሱ ነው።

ብዙ ቆይቼ ሳነብ መንገዱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ሳሙኤል ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ አታሚ ነበር። ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ወጣት ሴቶች ለፍቅረኞቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ ያስጽፉት ነበር። አንዳንዶቹ ልባቸው እየፈቀደ እንኳ ቆጣ ብለህ ጻፍልኝ ይሉት እንደነበር ራሱ ካረጀ በኋላ ተናግሯል። ይሄ ሰው 50 ዓመት ካለፈው በኋላ የደብዳቤ አጻጻፍ መምሪያ አዘጋጅልን ተባለ፣ እሱን ሲሠራም «ፓሜላ» የተሰኘውን ልቦለድ ወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1740 ታተመ። ሙሉው በደብዳቤና በማስታወሻ መልክ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ዕድሜዬ አልፏል የምትይ ከሆነ እሱንም ተይው።

ሐሳቡ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ እኔ የምሰበስበው ከማየው ነው። ትልልቅ ነገር አልፈልግም። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። እሷ ከምርመራ ስትወጣ ምን አሉሽ ብለው አልጠየቁም። መነጽሯን ከቦርሳው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ፣ ሰጧት። እሷም አድርጋ ወደ በሩ አየች። ያን ቀን ማታ የጻፍኩት ስለ ሽማግሌዎች አልነበረም። ስለ ሁለት ወጣቶች ነበር፣ ክፉ ወሬ ይዘው ሊነጋገሩበት ስላልቻሉ። ማስታወሻ ደብተር ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው። ሰዎች የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ሲናገሩ እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር ጻፊበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የጓደኛሽን ሚስጥር እንዳለ አንስተሽ ልቦለድ አታድርጊው። ስምና ከተማ መቀየር አይበቃም፣ ያመነሽ ሰው ገጹን ሲከፍት ራሱን ያገኛል። ቋጠሮውን ብቻ ውሰጂ። እንግሊዛዊቷን ደራሲ ሻርሎት ብሮንቴን ተመልከቺ። ብራስልስ ውስጥ ያስተማራትን ባለትዳር መምህር ወዳ ነበር፣ እንግሊዝ ከተመለሰች በኋላም ትጽፍለት ነበር። ከደብዳቤዎቹ አራቱ ዛሬም አሉ፤ ተቀዳደው የነበሩትም ተጠግነው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1847 ልቦለዷ «ጄን ኤር» ስትወጣ አንባቢ ያገኘው ግን የብራስልስን ክፍል አይደለም። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምታስተምር አንዲት ወላጅ አልባ ሴት፣ ሚስቱን የደበቀ ሀብታም፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሕይወት ነው። እኔ እንደማየው የመጣው ሕመሙ ነው፦ የሌላ ሰው የሆነን ሰው መውደድ።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለት ሰዎች ካገኘሽ በኋላ ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፦ ዛሬውኑ ለምን አብረው አይሆኑም? መልሱ አንድ ስልክ ተደውሎ የሚፈታ አለመግባባት ከሆነ ገና ታሪክ የለሽም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ከውጭ የሚመጣ እንቅፋት፣ ቤተሰብም ሆነ ገንዘብ ወይም ርቀት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከውስጥ የሚመጣ ካልተጨመረበት አንባቢን መቶ ገጽ አያስኬደውም። ውርደት የሚፈራ ሰው፣ አንዴ ተትቶ ድጋሚ መለመን የማይችል ሰው፣ ታናናሾቹን ሳያሳድግ ደስ ሊለው የማይፈቅድ ሰው። እንቅፋቱ ባሕርይው ሲሆን እያንዳንዱ ትዕይንት ራሱ ይመጣል። መጨረሻውን እኮ አንባቢ ያውቀዋል፤ በዚህ ዘርፍ አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን የሚያነሳው ተስፋ ያለው ፍጻሜ ጠብቆ ነው። ልቡን የሚይዘው እንዴት እዚያ ይደርሳሉ የሚለው ነው።

ይሄን የተማርኩበትን ላሳይሽ። ኦስተን «ፐርስዌዥን» የተባለውን ልቦለዷን እ.ኤ.አ. በ1816 ስትጨርስ የጻፈችው መደምደሚያ አልተዋጠላትም። በመጀመሪያው ጽሑፍ ከስምንት ዓመት በፊት የተለያዩት ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይቀሩና ነገሩ እዚያው ይፈታል። ቀደደችውና እንደ አዲስ ጻፈችው ልልሽ ነበር፣ ግን አልቀደደችውም፣ የእጅ ጽሑፉ ዛሬም አለ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ይቻላል። በአዲሱ ላይ ክፍሉ ሰው አለበት። እሷ ከሌላ ሰው ጋር ሴትና ወንድ ማን ነው ረጅም ጊዜ የሚወደው እያለች ትከራከራለች። እሱ ጥግ ላይ ለሌላ ጉዳይ ደብዳቤ እየጻፈ ነው፣ ድምፅዋን ይሰማል፣ መናገር አይችልም፣ ስለዚህ እዚያው ለእሷ ይጽፋል። ያው ሁለት ሰዎች፣ ያው ፍቅር ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር መናገር አለመቻላቸው ነው፣ እኔን ግን እንባ የሚያመጣብኝ ሁለተኛው ነው። የምወደውን መጽሐፍ እንደ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ፈትቼ ነው የማነበው፣ አንቺም ልመጂው። የት ጋ ልብሽ እንደመታ አስምሪ፣ ከዚያ ከፊቱ ያሉትን ገጾች ምን እንዳዘጋጁ ፈልጊ።

ስለ ማሳተም ብዙ አልልም፣ ገና ነሽ። እምቢ ብትባዪ ግን እንዳይደንቅሽ። የኦስተን አባት እ.ኤ.አ. በ1797 የልጁን ልቦለድ ለአሳታሚ ሲያቀርብ ሳይነበብ ነው የተመለሰው። ያ ሥራ ታርሞ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ሆኖ በ1813 ወጣ።

እንዴት ልጀምር ካልሽኝ፣ ምዕራፍ አንድ ብለሽ አትጀምሪ። ከሁለቱ ገጸ ባሕርያት አንዱን ያዢና ለሌላው የማይልከውን ደብዳቤ ጻፊለት። አፉ የማይደፍረውን ሁሉ አስወጪው። ከዚያ የሚልከውን ጻፊ፣ አጭሩን፣ ጨዋውን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልቦለድሽ ነው። ስትጨርሺ ለምታውቂው አንባቢ ስጪው፣ ጎበዝ ነሽ ለሚልሽ ሰው ግን አይሁን። ወደድሽው ወይ ብለሽም አትጠይቂ። የት ጋ ሰለቸሽ በያት።