የእንቁላል ዱቄት ትኩሱን ይተካል ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ የእንቁላል ዱቄት ለኬክም ለቁርስም ትኩሱን ይተካልኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ለኬክ አዎ። ለቁርስ ግን ባትሞክሪው ይሻላል።

ትኩስ እንቁላል ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ 12 ወይም 13 ግራም ዱቄት በ37 ግራም ገደማ ውሃ ስትበጠብጪ የአንድ መካከለኛ እንቁላል ያህል ይወጣልሻል። ሚዛን ከሌለሽ ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን ተከተዪ። ውሃውን ግን አንዴ አትገልብጪበት። መጀመሪያ ትንሽ ጠብ አድርገሽ በማንኪያ እያሸሽ አለስልሺው፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሪ። አለዚያ ይቋጠርብሻል፤ ከተቋጠረ በኋላ ደግሞ በሹካ ብትመቺው በቀላሉ አይፈታም። ለፓንኬክ ከሆነ ጭራሽ መበጥበጥም አያስፈልግሽም። ከፍርኖ ዱቄቱ ጋር ንፊውና ለመበጥበጫ የሚሆነውን ውሃ ወተቱ ላይ ጨምሪ።

እንቁላል ፍርፍር ላይ ጣዕሙ ያስታውቃል። ቃሪያና ሽንኩርት ብታበዢበት ይሸፈናል፣ ልስላሴው ግን አይመጣም። ዶሮ ወጥማ እርሺው፣ ምኑ ይቀቀላል! በእንቁላል አረፋ ብቻ የሚነሳ ስፖንጅ ኬክም በትኩሱ ይሁን።

የበጠበጥሽውን ወዲያው ተጠቀሚበት፤ ያው እንደ ተሰበረ እንቁላል ነው፣ ውጭ አይቀመጥም። ዱቄት ነው ብለሽ ደግሞ ለጾም እንዳታስቢው፣ የፍስክ ነው።