«ሰላም»ን በንጉሡ «ሠ» ብንጽፈው ሌላ ስም ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ፣ ሄርማታ ነው የምኖረው። ከእህቴ ጋር ቡና ቆልተን ለመሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናቋቁም ነበር። «ሰላም ቡና» የሚል ስም ይዘን ስንሄድ «ተይዟል» ተባልን። አንድ ወዳጃችን «በንጉሡ ሠ ጻፉት፣ ሌላ ስም ይሆናል» አለን። ያስኬዳል?

መልስ፦ ወዳጃችሁ ብልጥ ነው። ግን አያስኬድም። ሕጉ የሚከለክለው ፊደል በፊደል አንድ የሆነውን ስም ብቻ አይደለም። ከተመዘገበ ስም ጋር ተመሳስሎ ሰው የሚያሳስተውንም ነው። መርካቶ መሃል ቆማችሁ «ሠላም ቡና!» ብላችሁ ተጣሩ እስቲ፤ የቱ ሠ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ድሮ በግእዝ ሁለቱ ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ድምፁን አንድ አደረገና ፊደሎቹን ሁለቱንም ያዘ። ሞክሼ የምንላቸው ለዚህ ነው።

ደግሞም «ሰላም» ከጥንትም በእሳቱ ሰ ነው። ስህተት ጽፋችሁ ታፔላ ልታሰቅሉ ነው ማለት ነው። በግእዝ ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀ» ይባላል፣ በእሳቱ ከተጻፈ ግን ያው ሌብነት ነው። ለንግድ ቤት አይመከርም።

«ጅማ ሰላም ቡና» ብትሉትም ብዙ አይረዳችሁም። «ጅማ» ቦታውን፣ «ቡና» ዕቃውን ይናገራሉ እንጂ እናንተን ከጎረቤት ቡና ቆይ አይለዩም። ሰው የሚይዘው ያንኑ «ሰላም»ን ነው።

የማኅበሩ ዓይነት ከስሙ ጋር መጻፉ ግን ግዴታ ነው። በአጭሩ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ይባላል። «ኃላፊነቱ»ም «ማኅበር»ም በብዙኃኑ ኀ ናቸው። «ማኅበር» የመጣው «ኀበረ» ከሚለው ነው፤ ተባበረ ማለት ነው። የ2013ቱ የንግድ ሕግ ታዲያ «ባለአንድ አባል» ማኅበርም ፈቅዷል። ብቻውን ከማን ጋር እንደሚያብር እንጃ! እናንተ ሁለት ስለሆናችሁ ቃሉም አይቸገርም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መፍትሔው እዚያው ደጃችሁ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሰላም «ነጋ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «ነጋ» ሲል ጎህ ቀደደ ማለቱ ነው። ጠዋት ለሚጠጣ ነገር ከዚህ የተሻለ ስም የት ይገኛል? ብቻ ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊት «ነጋ ቡና» አለመያዙን መዝገብ ቤት ጠይቁ።